ዓመቱን ሙሉ የሞላ ኩሬ፦ በጣና ዙሪያ ስላሉ አነስተኛ የግል የመዝናኛ ግድቦች ደኅንነት

(በባሕር ዳር ለመዝናኛ ሥፍራ ባለቤቶች፣ ለወረዳ የውሃ ባለሙያዎችና ለምህንድስና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

ክቡራንና ክቡራት፣

የዛሬው ንግግሬ ስለ ትልልቆቹ ግድቦች አይደለም። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7000 ሄክታር ለማልማት ታስቦ የተሠራ የመንግሥት ግድብ በመሆኑ ጠባቂም ባለሙያም አለው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ በርም ቢሆን ከፋችና ዘጊው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። እኔ ላነሣቸው የፈለግሁት አንድ ባለሀብት ከከተማ ወጣ ብሎ በያዘው መሬት ላይ የምታልፈውን ጅረት አፈር ከምሮ በመገደብ፣ እንግዶቹ ጀልባ የሚቀዝፉበትን፣ ዓሣ የሚያጠምዱበትንና ዳር ዳሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሠርግ የሚደገስበትን ኩሬ የሚያበጅባቸውን አነስተኛ ግድቦች ነው።

የእነዚህ ግድቦች ቁመት ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን ትልቅ ግድብ የሚለው ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ስለሆነ፣ የእኛዎቹ ከዚህ መስፈርት በታች ናቸው። ነገር ግን 2 ሄክታር ስፋትና በአማካይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 60,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ይህም በክብደት 60,000 ቶን ነው። ይህን የሚያህል ክብደት ያገደው አንድ የአፈር ክምር ብቻ ከሆነ፣ ከክምሩ ግርጌም የዳጉሳ ማሳ፣ የጭቃ ቤትና ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት መንገድ ካለ፣ ግድቡ በግርጌው ለሚኖረው ሰው ትንሽ አይደለም።

በመዝናኛ ግድብና በመስኖ ግድብ መካከል ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት የሚታየው በግንቦት ወር ነው። የመስኖ ግድብ በጋውን ሁሉ ውሃውን ሲሰጥ ስለሚከርም ግንቦት ላይ ጎድሎ ይገኛል፤ የሰኔና የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣም የሚያሳርፍበት ቦታ አለው። የመዝናኛ ግድብ ባለቤት ግን ኩሬው በፋሲካም በግንቦት ልደታም ሞልቶ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ውሃው ከጎደለ ጭቃው ይገለጣል፣ ጀልባው መሬት ይነካል፣ እንግዳውም ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ የምንጯንና የጅረቷን ውሃ እያጠራቀመ በጋውን ይዘልቅና ክረምቱን የሚቀበለው እስከ አፉ ሞልቶ ነው። የጎርፉን የመጀመሪያ ጉልበት የሚያበርድለት ባዶ ቦታ የለውም። አፈሩም ዓመቱን ሙሉ እንደራሰ ይኖራል፤ በውሃ የተሸፈነው ተዳፋትና የማስወጫው ቱቦ አፍ ለዓመታት ዐይን አያያቸውም። እንግዳውን የሚስበው የኩሬው ሙላት ራሱ ግድቡን የሚያስጨንቀው ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናገረውም ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

የባሕር ዳር ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ግድብን የሚፈትነው ግን የዓመቱ ድምር ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠቁሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያወርደው ዶፍ ነው። እስቲ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ወደ ኩሬው የሚፈስሰው ተፋሰስ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና መሬቱ አስቀድሞ የጠገበ በመሆኑ ግማሹ ቢጎርፍ፣ 25,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ኩሬው ይገባል፤ በሰከንድ ወደ 7 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ኩሬው 2 ሄክታር ሆኖ ምንም መውጫ ባይኖረው ኖሮ ውሃው በዚያች አንድ ሰዓት 1 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል ነበር።

አሁን ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ ግድቡን ሳይሻገር የሚወጣበትን ቦይ፣ ወደ ስሌቱ እናስገባ። ስፋቱ 4 ሜትር ነው እንበል፤ ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ደግሞ 1 ሜትር ልዩነት አለ። እንዲህ ያለ ማስተንፈሻ ጢም ብሎ ሲሞላ በሰከንድ ወደ 7 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ያሳልፋል። በዚህ ዓይነት ያ ዝናብ ሲያበቃ ኩሬው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ለአናቱ አንድ ስንዝር ገደማ ሲቀረው ይቆማል። ግድቡ ተረፈ ማለት ነው፤ የተረፈው ግን በስንዝር ነው። የዚያው ግድብ አናት ባለፉት ዓመታት መካከሉ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ሰርጎ ወይም ተጠርጎ ቢሆንስ? ማስተንፈሻው፣ ውሃው በዚያ በጎደጎደው ቦታ ከመሻገሩ በፊት ሊያሳልፍ የሚችለው መጠን ከግማሽ በታች ይወርዳል። በማስተንፈሻ ላይ የሚያልፍ ውሃ መጠን የሚጨምረው ከጥልቀቱ በፈጠነ መጠን ስለሆነ፣ ከጥልቀቱ የሚቀነስ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የሚያስከፍለው ከሚመስለው በላይ ነው። ያው ዝናብ፣ በዚያው ግድብ ላይ፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ አናቱን ይሻገራል።

ውሃ የአፈር ግድብን አናት ከተሻገረ በኋላ የሚሆነውን ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ግድቡ ተገፍቶ የሚወድቅ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ውሃው በጀርባው ተዳፋት ላይ ፍጥነት እያገኘ ይወርድና መጀመሪያ ግርጌውን ይቦረቡራል፤ ከዚያም ቦዩ ደረጃ በደረጃ እየተናደ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ዘንድ ሲደርስ ኩሬው በዚያ በኩል መውጫ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ በአካፋም በሎደርም የሚመለስ ነገር የለም።

አናት የሚወርደው በብዙ ምክንያት ነው። በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር በየዓመቱ እየተረጋጋ ይሰርጋል። መኪና ካለፈበት ጎማው ይጎደጉደዋል፤ ከብት ውሃ ለመጠጣት የሚሻገርበት ቦታም እንደዚሁ ይበላል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኛ መሠረት የሚያስተካክልበትን በውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ፣ ውሃ ልክ የምንለውን ይዞ፣ ከግድቡ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በየ10 ሜትሩ ቢለካ ዝቅተኛው ቦታ የት እንደሆነ በግማሽ ቀን ይታወቃል። የግድቡ ትክክለኛ ቁመት ያ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በላይ ቢሆን የሚጨምረው ነገር የለም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት እንዳይመስላችሁ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት የደረሰውን ልንገራችሁ። በጣም ዝነኛው የግል የመዝናኛ ግድብ አደጋ ይህ ነው፤ በውስጡም ዛሬ በእኛ አገር የማያቸው ጉድለቶች ሁሉ ማለት ይቻላል አሉ። ሳውዝ ፎርክ የተባለው የአፈር ግድብ በመጀመሪያ የተሠራው በግዛቱ መንግሥት ለጀልባ ቦዮች ውሃ እንዲያቀርብ ነበር። ቁመቱ 22 ሜትር ገደማ ነው። ባቡር ሲመጣ ቦዮቹ ሥራ ፈቱና ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በመካከሉም አንድ ባለቤት ውሃውን ዝቅ ለማድረግ ያገለግሉ የነበሩትን ከግርጌው ያሉ የብረት ቱቦዎች አውጥቶ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 የፒትስበርግ ባለጸጎች ክለብ ሐይቁን ለመዝናኛነት ያዘው፤ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ክለቡ ቱቦዎቹን አልተካቸውም። የሠረገላ መንገድ በላዩ እንዲያልፍ ሲል የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ፤ ያስገባቸው ዓሣዎች እንዳያመልጡም በማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት አቆመ።

በሸለቆው ግርጌ ጆንስታውን የምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። የፋብሪካው ኃላፊ ሰግቶ መሐንዲስ ልኮ ግድቡን አስመረመረ፤ መሐንዲሱም ውሃውን የሚያጎድል ቱቦ አለመኖሩንና የጥገናውን ደካማነት ዘርዝሮ ጻፈ። ክለቡ የሰጠው መልስ አደጋ የለም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ ሐይቁ እየሞላ ሲሄድ ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፤ ውሃውን ዝቅ የሚያደርግ ቱቦ አልነበረም፤ አናቱም ቀድሞ ዝቅ ብሏል። ውሃው አናቱን ተሻገረና ግድቡ ተቀደደ። 2209 ሰዎች ሞቱ። ክለቡም ሆነ አባላቱ በፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፍሉ አልተፈረደባቸውም።

የዓሣ ወንፊት፣ በአናት ላይ የሚያልፍ መንገድ፣ የጠፋ ቱቦ፤ ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ተራ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም የሠራቸው ሰው ግድቡን ያበላሸሁ ሳይሆን ሥፍራውን ያሳመርሁ መስሎታል።

ስሙን በማልጠቅሰው፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የመዝናኛ ግቢ በነሐሴ ያየሁት ማስተንፈሻ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከሲሚንቶና ከድንጋይ በደንብ የተሠራ፣ 3 ሜትር የሚሆን ስፋት ያለው ነው። አፉ ላይ ቆሮሶ የሚባሉት ዓሣዎች እንዳይወጡ ተብሎ የዶሮ ሽቦ ተወጥሯል። በሽቦው ላይ እምቦጭ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ በሥሩ ደግሞ የሙዝ ቅጠል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና አንድ ነጠላ ጫማ ተቀርቅረው ነበር። ውሃው ከሽቦው ውስጠኛ ጎን ከውጭው ጎን ከጉልበት በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ማስተንፈሻው አለ፤ ነገር ግን ግማሹ ተዘግቷል። እምቦጩን ማን እንዳመጣው ጠየቅሁ፤ አበባው ስለሚያምር ከሐይቁ ዳር ተነቅሎ ሆን ተብሎ የተተከለ ነው አሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀን፣ ገበሬውና ወጣቱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ የነቀለውን አረም ከማስተንፈሻ ፊት መትከል በእውነቱ ያሳዝናል። ዓሣ ማቆየት የፈለገ ባለቤት ወንፊቱን ከማስተንፈሻው ፊት አንሥቶ፣ ኩሬው ውስጥ ራቅ አድርጎ በሰፊ ግማሽ ክብ ቅርጽ ቢያቆመው፣ ቁመቱንም ከግድቡ አናት በብዙ ዝቅ ቢያደርገው፣ ጎርፍ ሲመጣ ዓሣው ቢያመልጥም ግድቡ ይተርፋል።

በሃዋይ ደሴቶች ካ ሎኮ የተባለው የግል ግድብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2006 ተሰብሮ 7 ሰዎችን ሲገድል፣ ማስተንፈሻው በአፈር ተደፍኖ እንደነበርና ለአደጋውም ዋናው ምክንያት ይህ ሳይሆን እንደማይቀር በምርመራ ተገልጿል። በእኛም አካባቢ ማስተንፈሻን ደፍኖ መቀመጫ ወይም የመኪና ማቆሚያ ማድረግ የሚያምረው ሰው አይጠፋም፤ በጋ ላይ ሲያዩት ምንም ሥራ የሌለው ደረቅ ቦይ ይመስላልና።

ሁለተኛው አደጋ ከላይ ሳይሆን ከውስጥ የሚመጣው ነው። ከማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ይሰርጋል፤ መስረጉ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ውሃው አፈር ይዞ ሲወጣ ነው። ውሃው የአፈሩን ቅንጣት አንድ በአንድ እየወሰደ ከግርጌ ወደ ውስጥ የሚሄድ ቀጭን ዋሻ ይቆፍራል፤ ዋሻው ወደ ኩሬው በቀረበ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል፤ በመጨረሻም በሰዓታት ውስጥ ግድቡን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአይዳሆ ግዛት ቲቶን የተባለው 93 ሜትር ቁመት ያለው አዲስ የመንግሥት ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሞላት ላይ እያለ የሆነው ይኸው ነው። ሰኔ 5 ቀን ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ታየ፤ ዶዘሮች ቀዳዳውን ለመድፈን ሞከሩ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ተናደ። 11 ሰዎች ሞቱ። በዘመኑ ምርጥ ባለሙያዎች የተሠራ ግድብ በግማሽ ቀን ከጠፋ፣ ዶዘር አፈር ገፍቶ የከመረው ግድብ የሚሰጠን ጊዜ ከዚያ ይረዝማል ብለን መጠበቅ የለብንም።

ስለዚህ በየሳምንቱ፣ በክረምት ደግሞ በየቀኑ፣ አንድ የታወቀ ሰው በግድቡ ጀርባ ግርጌ በእግሩ ይሂድ። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ለምልሞ ከታየ ውሃ እዚያ እየወጣ ነው። የምትፈልቀውን ውሃ በባዶ ሃይላንድ ሞልቶ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በማግሥቱ ማየት ይበቃል። ከታች ምንም ካልዘቀጠ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ቀኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። እንደ ቡና አተላ ያለ ደለል ከታች ካረፈ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው፤ በዚያው ቀን ውሃውን ማጉደል መጀመር፣ መሐንዲስም መጥራት ያስፈልጋል። መጠኑንም በባልዲና በስልክ ሰዓት መለካት ይቻላል፤ የኩሬው ከፍታ ሳይለወጥ ባልዲው የሚሞላበት ጊዜ እያጠረ ከሄደ ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ጉድጓዱን ከውጭ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መድፈን ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል እንጂ አይቆምም። ለጊዜው የሚረዳው ውሃው እየወጣ አፈሩ እንዲቀር በቀዳዳው ላይ ንጹሕ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ድንጋይ መከመር ነው።

በአካባቢያችን ይህ ችግር የሚበረታበት የራሱ ምክንያት አለው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከዚያ የተሠራ ግድብ አናቱ በደረቀ ጊዜ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ ለክረምቱ ውሃ የተዘጋጀ መንገድ ነው። ቀዩ አፈር ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በስስ ንብብር እየተነጠፈ፣ በልኩ እየራሰ፣ በሮለር ከተጠቀጠቀ ነው። ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይም ቢሆን በባሕር ዳር ዙሪያ በአብዛኛው በዕድሜው ወጣት የሆነ፣ ቀዳዳና ስንጥቅ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ መሠረቱ በሚገባ ካልተቆፈረና ካልታሸገ ውሃው በግድቡ ሥር ያልፋል። ከሁሉ ደካማው ቦታ ደግሞ ቱቦው የሚያልፍበት ነው፤ ከክብ ቱቦ ሥር አፈር መጠቅጠቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ውሃው የቱቦውን ውጪ ተከትሎ ይሄዳል።

ባህር ዛፍ በግድብ ላይ መትከል ክልክል መሆን አለበት እላለሁ፤ ማንጎም እንዲሁ። ዛፉ በነፋስ ሲገነደስ ሥሩ ያቀፈውን አፈር ይዞ ይነሣል፤ ቢቆረጥም ሥሩ በስብሶ ባዶ መንገድ ይተዋል። ለግድብ የሚስማማው አጭር ሣር ብቻ ነው፤ አጭር ሣር ላይ ጃርትና ፍልፈል የቆፈሩት ጉድጓድም ቶሎ ይታያል።

አሁን ወደ ሳራሲኔስካው፣ ማለትም የማስወጫውን ቱቦ ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው መሣሪያ ልምጣ። የመዝናኛ ግድብ ባለቤት ሊኖረው የሚገባው ትልቁ ነገር ኩሬውን በፈለገው ቀን ማጉደል መቻል ነው። ይህ ከሌለ ከላይ የተናገርሁት ምርመራ ሁሉ አደጋውን ቀድሞ ከማወቅ በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ዳሩ ግን ኩሬው ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን ስለሚፈለግ ሳራሲኔስካው ለዓመታት አይነካም፤ ዝገት ይይዘዋል፤ የቱቦው አፍ በደለል ይቀበራል። ጎንደርን ውሃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደተጎዳ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለትንሽ ኩሬ ደግሞ ጥቂት ክረምት ይበቃዋል። በየሦስት ወሩ ሳራሲኔስካው እስከ ጫፍ ተከፍቶ ይዘጋ። በግንቦት ውሃው ቢያንስ በ1 ሜትር ዝቅ ይበል፤ በምሳሌያችን ኩሬ ይህ 20,000 ሜትር ኩብ የሚያህል ባዶ ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያ ዶፍ አብዛኛውን ይውጠዋል ማለት ነው። ሲጎድል ግን በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ይሁን፤ ውሃው በድንገት ከወረደ የራሰው ተዳፋት ድጋፉን አጥቶ ወደ ኩሬው ይንሸራተታል። ቱቦው የማይሠራ ከሆነ በፓምፕ ወይም በግድቡ ላይ ተሻግሮ ውሃ በሚስብ ጎማ ማጉደል ይቻላል፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚዘጋጀው ከክረምት በፊት ነው።

እንግዳው በግንቦት ጭቃ ያያል፣ ገቢውም ይቀንሳል የሚል ቅሬታ አውቃለሁ፤ እውነት ነው፣ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ የዳሩን ድንጋይ መጠገን፣ ደለሉን ማውጣት፣ ወንፊቱን ማንሣት ይቻላል። ለሁለት ወር የሚቀንሰው ገቢ ግድቡን የመያዝ ዋጋ ነው፤ ሥፍራው ሲታቀድ መቆጠር ነበረበት።

ሕጉስ ምን ይላል? የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአገሪቱ ያለ የውሃ ሀብት ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ የውሃ ሥራ ለመገንባትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሬቱን በሊዝ ወይም በኪራይ መያዝ ብቻውን ጅረቱን የመገደብ መብት አይሰጥም። ከዚህም በላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2069 የመሬቱን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከተለመደው ውጪ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ያ አደጋ በደረሰ ጊዜ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ያልተፈቀደ ግድብ ባለቤት መሐንዲስ ለመጥራት ይፈራል፤ መጥራት እንደ መጋለጥ ይቆጠርበታልና። ለዚህ ነው ለወረዳ ባለሙያዎች የምማጸነው፦ ሳይፈቀድ የተሠራውን ግድብ ስታገኙ መጀመሪያ ውሃውን አስጎድሉ፣ ቅጣቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከግድቡ በታች ማን እንደሚኖር መመዝገብ ደግሞ የባለቤቱና የቀበሌው የጋራ ሥራ ነው። ግድብ አደገኛ የሚያሰኘው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ሰው ነው። ባሕር ዳር በዘንዘልማም በሰባታሚትም በኩል እየሰፋች ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከሥሩ የግጦሽ መሬት ብቻ የነበረው ግድብ ዛሬ ከሥሩ ቆርቆሮ ቤቶች ሊኖሩበት ይችላል። ግድቡ ምንም ሳይለወጥ አደጋው ተለወጠ ማለት ነው።

በኬንያ ናኩሩ አውራጃ፣ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2018 የአንድ የግል እርሻ ግድብ በምሽት ተሰብሮ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ውሃው የመጣባቸው በቤታቸው እያሉ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኤደንቪል የተባለው የግል ግድብ ተናደ። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የተሰረዘበት ማስተንፈሻውን እንዲያሰፋ ቢታዘዝም ባለማድረጉ ነበር፤ በሐይቁ ዳር የመዝናኛ ቤት የነበራቸው ሰዎች ደግሞ ውሃው ዝቅ እንዳይል ይሹ ነበር። ከሶላዩ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ወረደ፤ ነገር ግን 10,000 የሚሆኑ ሰዎች አስቀድሞ ተነግሯቸው ቤታቸውን ለቀው ስለነበር አንድም ሰው አልሞተም። ልዩነቱ ማስጠንቀቂያው ነው። ለእኛ ትንሽ ግድብ ይህ የሚጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ በግርጌው ያሉ አባወራዎችና እማወራዎች ስልክ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሌሊት እየሮጠ የሚነግረው ሰው ማን እንደሆነ፣ የደብሩ ደወል እንዲደወል ከካህናቱ ጋር የተደረሰ ስምምነት፣ ሰዉም የሚወጣበት ከፍ ያለ ቦታ። ይህን ወረቀት የጥበቃ ሠራተኛው በኪሱ ይያዘው፤ ውሃው ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚያየው እርሱ ነውና። ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ሰው የማስነሣት ሥልጣንም ይሰጠው። በውሸት ማስጠንቀቂያ እንዳይቀጣ ከወዲሁ ይነገረው።

በመጨረሻም ብዙዎቻችሁ መስማት የማትፈልጉትን አንድ አማራጭ ላንሣ፤ እርሱም ግድቡን ማፍረስ ነው። ለመጠገን የሚያስፈልገው ገንዘብ ከሥፍራው ገቢ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ማን እንደሠራውና ከምን እንደተሠራ የሚናገር አንድም ወረቀት ከሌለና ከሥሩ ሰው የሚኖር ከሆነ፣ ምክሬ ይህ ነው። ሥራው የሚሠራው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ኩሬው ቀስ ተብሎ ከጎደለ በኋላ ነው። ግድቡ በጅረቱ የቀድሞ መውረጃ በኩል እስከ ተፈጥሮ መሬቱ ድረስ በኤክስካቫተር ይከፈታል፤ ክፍቱ የጅረቱን ከፍተኛ ጎርፍ እንዲያሳልፍ ሰፊ ይሁን፤ ሁለቱ ጎኖቹ ቀጥ ብለው እንዳይናዱ ተዳፋት ይሰጣቸው፤ ወለሉም በጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ፣ ወይም በትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ። የተጠራቀመው ደለል በክረምት ወደ ታችኛው ማሳ እንዳይወርድ ሣር ይዘራበት። ባለቤቱ ውሃ ማየት ከፈለገ ጅረቱ በማይነካው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከመሬት በታች ተቆፍሮ ጂኦሜምብሬን የሚባል ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰው የማያሰምጥ ኩሬ ማበጀት ይችላል፤ እርሱ ቢያፈስስ የሚጠፋው ውሃው ብቻ ነው።